ከገራዶ እስከ ጋላፊ

ደሴን ያየ ሰው ሁሉ ጦሳን ያውቃል። ከጦሳ ማዶ ያለውን ገራዶን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ መካነ ሰላም ለመሄድ ከደሴ የተነሣ መንገደኛ በመስኮት ብቻ አይቶት ያልፋል፤ ወደ ጉጉፍቱ ብርድ ሲወጣ ደግሞ ጭራሽ ይረሳዋል። ገራዶ ግን ወርዶ ለሚያየው ደስ የሚል አገር ነው። ዙሪያውን ተራራ የከበበው ሜዳ ነው፤ ወንዝ ያልፍበታል፣ ባሕር ዛፍ ይበቅልበታል፣ በመስኖ አትክልት ይለማበታል። የደሴ እናቶች በገበያ ከሚሸምቱት ድንችና ጎመን ከፊሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በነርሲንግ ዲፕሎማ ተመርቄ ዕድሜዬን በደቡብ ወሎ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታል ውስጥ ጨርሻለሁ። ታላቅ እህቴ ያገባችው ገራዶ ስለሆነ በየዓመቱ ጥር ላይ እህሉ ከገባ በኋላ ሄጄ ጥቂት ቀን አርፌ እመለሳለሁ። በወጣትነቴ ለክትባት ዘመቻ የመጣሁበት አገርም ስለሆነ ሽማግሌዎቹ እስካሁን «ሲስተር» እያሉ ይጠሩኛል። ያኔ በክንዳቸው ላይ መርፌ የወጋኋቸው ሕፃናት ዛሬ የልጅ አባትና እናት ሆነዋል።

ዘንድሮ ስሄድ ዓይኔን የሳበው በየበሩ የቆመው መኪና ነው። ድሮ ከአንድ ግቢ ፊት ለፊት በሬና አህያ ነበር የሚታሰረው። አሁን ድንችና የባሕር ዛፍ አጠና ሊጭን የመጣ አይሱዙ ይቆማል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ጭነቱን ኮምቦልቻ አራግፎ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የመጣ የአንዱ ልጅ ሲኖትራክ ይታያል። ሕፃናቱ ከጎማው ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ። ጎረምሶቹ ከበው ይቆማሉ፤ ወሬያቸውም ስለ ማርሽ፣ ስለ ተሳቢ፣ ስለ ጅቡቲ መንገድ ነው። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ያልኩት ልጅ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ሹፌር»።

መንገዱ አንድ ነው፣ ጉዞው ግን ሁለት

ለምን ሹፌር? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የእህቴ ባል መሬት ለልጆቹ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው በግማሽ ቀን ታርሶ የሚያልቅ ነው። ከልጆቹ አንዷ በዲግሪ ተመርቃ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ስታነብ ተቀምጣለች። ሌላው በባቲ በኩል አፋር በረሃን በእግሩ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገባ፤ ከዚያ ተይዞ ተመለሰ። በእኛ አገር ይህን መንገድ ያልሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል።

ነገሩን ካሰብነው ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። ስደተኛውም የሚሄደው በባቲና በሚሌ በኩል ነው፤ የጭነት መኪናውም እንዲሁ። ልዩነቱ ሹፌሩ ይመለሳል። እህቴ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ፤ «ባሕር ከሚሻገር መሪ ይጨብጥ፣ ቢያንስ ወር ባለ ቁጥር ዓይኑን አያለሁ»።

ኮምቦልቻ ደግሞ ቅርብ ናት። ከደሴ በሐረጎ በኩል ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚገኝ የፋብሪካ ከተማ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም መኪና ይፈልጋሉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያገኛቸው ብዙ ንብረት ወደመ፣ ተዘረፈ፤ ብዙ ወጣትም ሥራ ፈታ። ሥራው ቀስ በቀስ ሲመለስ ግን ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ጭነት ነበር። ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ዘይቱ ያለ ሹፌር ከየትም አይመጣም።

የአሰብ ዘመን ሰው

ገራዶ ውስጥ አንድ አዛውንት ሹፌር አሉ፤ ዕድሜያቸው 70ን አልፏል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ እስኪለቅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ድሮው አወጋን።

እሳቸው የአሰብ ዘመን ሰው ናቸው። ከደሴና ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ አሰብ የሚያደርሰውን መንገድ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ሠራው፤ የመካኒክ ቋንቋችንም ከዚያው ተረፈን። ጎማ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አሰብ እስከ 1990 ዓ.ም. የአገራችን ዋና ወደብ ነበረ። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እስከ ዛሬም አብዛኛው የገቢና የወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም መኪናውን አልተካውም። የወሎ ሹፌር አሁን ከሚሌ ወደ ሎጊያና ሰመራ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጋላፊ ላይ ድንበር ይሻገራል።

«በእኛ ጊዜ» አሉኝ አዛውንቱ፣ «ሹፌር ማለት የተከበረ ሰው ነበር። ግን ያ ክብር እንዲሁ አልመጣም። አምስት ዓመት ረዳት ሆኜ ጎማ ፈትቻለሁ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ተኝቼ ጭቃ በልቻለሁ። መሪ የሰጠኝ ሰው ሐረጎን በከባድ ማርሽ መውረድ እስክችል ድረስ ከጎኔ አልተነሣም። ዛሬ ልጁ መንጃ ፈቃድ ይዞ ይመጣል፣ በሳምንቱ 400 ኩንታል ጭኖ ብቻውን ይላኩታል። ፍሬን ረግጦ ሐረጎን የሚወርድ ልጅ እሱ አይደለም ጥፋተኛው፤ የላከው ነው።»

ይህን ያሉት ሌላው ዘመን መልካም ነበር ለማለት አይደለም። በእሳቸው ጊዜም ረዳት ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ሹፌሩ የሰጠውን ነበር። አንድ ጓደኛቸው መኪና ተገልብጦ እግሩ ሲቆረጥ ቤተሰቡ ያገኘው የባለንብረቱን ለቅሶ ደራሽነት ብቻ እንደነበር ነገሩኝ።

«ልምድ አምጣ»

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። የእህቴ የልጅ ልጅ 23 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት በአይሱዙ ረዳት ሆኖ ድንች ሲያመላልስ ቆየ። ከዚያ ቤተሰቡ አንድ በሬና ሁለት በግ ሸጦ ማሠልጠኛ አስገባው፤ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አወጣ። አንባቢ እንደሚያውቀው መንጃ ፈቃዳችን በዓይነት የተከፈለ ነው። ሰው ለመጫን ሕዝብ፣ ዕቃ ለመጫን ደረቅ፣ ነዳጅ ለመጫን ፈሳሽ ይባላል፤ በየውስጡም ደረጃ አለው።

መንጃ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ያለው ችግር «ልምድ አምጣ» የሚለው ነው። ባለንብረት ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪናውን ለጀማሪ መስጠት ይፈራል፤ ይህ ይገባኛል። ጀማሪው ደግሞ ካልነዳ ልምድ ከየት ያመጣል? በመካከል የሚፈጠረው ክፍተት ለብዙ በደል በር ይከፍታል። በገራዶና በኮምቦልቻ ያነጋገርኳቸው ወጣቶች የነገሩኝ ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ልምምድ» እየተባለ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ነድቷል። ሌላው የሚከፈለው በጉዞ ስለሆነ መኪናው ጋራዥ ሲገባ እሱም ባዶ ይገባል። ሦስተኛው ጎማ በፈነዳ ቁጥር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ደላላው ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ድርሻውን ይወስዳል። ሁሉም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ አንዳቸውም ወረቀት የላቸውም።

የእኛም ልጅ ሥራ አገኘ። ሁለት ተሳቢ ያሉት አንድ ባለንብረት ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በሚመላለስ መኪና ላይ ሊያሠማራው ፈለገ። ለመነሻ ጥቂት ጉዞ ከአንድ ነባር ሹፌር ጋር ሆኖ፣ ከዚያ ብቻውን። «ሰኞ ና፣ ስለ ገንዘቡ አትጨነቅ፣ እንግባባለን» አለው። ቤቱ በደስታ ተሞላ። እኔ የደረስኩት በዚያው ቅዳሜ ነው።

ቡናው ላይ የተነሣው ክርክር

ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ። አዛውንቱ ሹፌርም መጡ። ከአቦሉ በኋላ ልጁን ጠየቅሁት።

«ደመወዝህ ስንት ነው?»

«እንግባባለን ብሎኛል፣ እትዬ።»

«አበልስ? መኪናው ወደብ ላይ ወረፋ ይዞ ቢቆም የምትበላው ከየት ነው?»

ዝም አለ። አያቱ ጣልቃ ገቡ። «ሲስተር፣ እባክሽ ነገሩን አታክብጂው። ይህን ሁሉ ቢጠይቅ ሰውየው ሌላ ልጅ ይወስዳል። በር ላይ አሥር ልጅ ቆሟል።»

እውነታቸውን ነው። እኔም ይህን እውነት ችላ ብዬ አልተናገርኩም። የሚጠይቅ ልጅ ሥራ የሚያጣበት አገር ላይ «መብትህን ጠይቅ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ቢሆንም በሥራ ዘመኔ በአደጋ የመጡ ረዳቶችና ሹፌሮች በአልጋ ዙሪያ ሲሰበሰብላቸው የነበረውን መዋጮ አይቻለሁ። ያኔ ማንም «ውሉ የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አልነበረም። ስለዚህ ሕጉ የሚለውን ቢያንስ አውቆት ይሂድ ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል ሠራተኛን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ይባላል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው በቀን የሰዓቱ ደመወዝ አንድ ጊዜ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል ነው።

ለእናቶች እንዲገባ በምሳሌ ላስላው። ደመወዙ 6,000 ብር ነው እንበል። ወሩን በ26 የሥራ ቀን ብንይዘው 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ወደ 29 ብር ነው። በቀን የሚነዳው ትርፍ ሰዓት ወደ 43 ብር፣ በሌሊት የሚነዳው ወደ 50 ብር ያወጣል ማለት ነው። ልጃችሁ በቀን 14 ሰዓት መሪ ላይ ከዋለ ስንት ብር እንደቀረበት አሁን ማስላት ትችላላችሁ። 14 ሰዓቱ ራሱ ሕጉ ከፈቀደው በላይ መሆኑንም ታያላችሁ።

ሌሎቹም እንዲህ ናቸው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ልምምድ» ተብሎ ስድስት ወር በነፃ መንዳት የሚባል ነገር የለም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእርሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ቢቆም ደመወዙ አይቋረጥም። ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። በ6,000 ብር ምሳሌያችን ከ2,000 ብር በላይ በአንድ ወር መቁረጥ አይቻልም ማለት ነው።

ጡረታም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በምሳሌያችን ከልጁ 420 ብር፣ ከአሠሪው 660 ብር ነው። የ23 ዓመት ልጅ ስለ ጡረታ ሲነገረው ይስቃል። ጡረታ የምቀበል እኔ ግን አልስቅም።

በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነት አለበት። ልጁ ለጊዜው መሥራት ካቃተው የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። በመኪና አደጋ ለተጎዳ ማንኛውም ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት አስቸኳይ ሕክምና ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ለአያቶች ልጨምር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣቶች በመንገድ ትራንስፖርት ሰውና ዕቃ በማጓጓዝ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ አዋጁ ይከለክላል። በገራዶ ግን 15 ዓመት ያልሞላው ረዳት አይቻለሁ። «ትምህርት ቤት ከሚዞር» ይላሉ ወላጆቹ። ከጎማ ሥር ክሪክ የሚያስገባው እጅ ግን የሕፃን እጅ ነው።

ሕጉ የማይለውም አለ። በአገራችን ለግል ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል እንጂ ወለሉን ራሱ አላስቀመጠም። ስለዚህ «እንግባባለን» የምትለዋ ቃል ላይ ሕግ ልጁን አይደርስለትም፤ መጠኑን መናገርና ማስጻፍ ያለበት እሱ ራሱ ነው።

ከውርጭ ወደ ሐሩር

ስለ ጤናው ደግሞ በሙያዬ ልናገር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ሚሌ ደግሞ ወደ 500 ሜትር ትወርዳለች። ጠዋት ውርጭ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ ልጅ የሰኞ ገበያዋን ባቲን አልፎ ከሰዓት በኋላ አፋር ሜዳ ላይ በላብ ይጠመቃል። ብዙዎቹ ሽንት ላለመቆም ብለው ውኃ አይጠጡም። ውጤቱ የኩላሊት ጠጠርና ድካም ነው። ምሽት ላይ ጥብስና ሥጋ፣ ቀን ላይ ለስላሳ፣ ሌሊት ጫት። ዕድሜያቸው 35 ሳይሞላ ደም ግፊት ይዟቸው፣ ወገባቸው ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ሹፌሮችን ስቀበል ኖሬአለሁ።

ዋናው ገዳይ ግን እንቅልፍ ማጣት ነው። ሳያርፍ 17 ሰዓት የቆየ ሰው አነዳዱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። ሳይጠጣ ሰክሯል ማለት ነው። ጫት እንቅልፉን ያባርራል እንጂ ድካሙን አያባርርም፤ ሲለቅ ደግሞ ሰውየው ዓይኑ ተከፍቶ ይተኛል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጭነት ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ በቀንም በመደበኛው ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ስምምነትም ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ መንዳት እንደማይገባ ይናገራል። በመላው ዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞትና ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

ልጁ የማያርፈው ግን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። የሚከፈለው በጉዞ ከሆነ ያረፈበት ሰዓት ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ነው። የክፍያው ዓይነት ራሱ አታረፍ ይለዋል። ለዚህ ነው ስለ ደመወዝ መነጋገር ስለ ሕይወት መነጋገር ነው የምለው። ከዚህ ላይ የመንገዱ ጸጥታ አለ። በየቦታው ሹፌር ሲታገት፣ ሲገደል፣ መኪና ሲቃጠል ሰምተናል፤ የሹፌር ማኅበራትም ደጋግመው አቤት ብለዋል። በሌሊት የሚነዳ ልጅ ከእንቅልፍም ከሽፍታም ጋር ነው የሚታገለው።

እሑድ ዕለት

እሑድ ጠዋት ልጁ፣ አያቱ፣ አዛውንቱ ሹፌርና እኔ ሆነን ባለንብረቱን ኮምቦልቻ ሄደን አገኘነው። እኔ የሄድኩት ለመጣላት አልነበረም። ሰውየውም ክፉ አይደለም። እሱ ራሱ በረዳትነት ጀምሮ ሹፌር የነበረ ነው። መኪናውን የገዛው በባንክ ብድር ነው። የጎማ ዋጋ፣ የመለዋወጫ ዋጋ፣ በየኬላው የሚጠየቀው፣ ጭነት ሲጠፋ የሚያልፈው ሳምንት፣ ሁሉንም በየተራ ነገረን። «እኔንም ማንም ወረቀት ጽፎልኝ አያውቅም» አለ።

አዛውንቱ ናቸው የመለሱለት። «አንተ ሳትጻፍ ስላመለጥህ ነው ዛሬ የምታወራው። ከአንተ ጋር የጀመሩት ስንቱ ናቸው ያሉት?»

ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ኮፒ ተጻፈ። የወር ደመወዝ በቁጥር ተቀመጠ። መኪናው ቢጓዝም ቢቆምም ከቤቱ ውጭ ላደረበት ቀን ሁሉ አበል እንዲከፈለው ተስማሙ። ጎማና ዕቃ የሚቆረጥበት ጥፋቱ ከተረጋገጠ ብቻ፣ ያም ከሲሶ ሳይበልጥ እንዲሆን ተጻፈ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ከነባሩ ሹፌር ጋር እንዲሄድ፣ ሌሊት ከ4 ሰዓት በኋላ እንዳይነዳ ተስማሙ።

ያልተገኘውም አለ። ትርፍ ሰዓት በሚለው ላይ ሰውየው በፍጹም አልፈረመም፤ «ማንም አይከፍልም፣ እኔ ብቻ ከፍዬ አልዘልቅም» አለ። ጡረታውን «ከሙከራው በኋላ እናያለን» ብሎ አሳደረው። አያቱ ከዚህ በላይ እንዳልናገር በዓይናቸው ለመኑኝ። ልጁን አየሁት። «እትዬ፣ ይበቃኛል፤ የቀረውን እኔ እጠይቃለሁ» አለኝ። ውሳኔው የእሱ ነው። ሰኞ ሄደ።

ወላጆች ምን እናድርግ?

ከዚህ ቤት ያየሁትን ለሌላው ቤት ላካፍል። ልጁ ከመሄዱ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይኑር፦ የወር ደመወዝ፣ የአበል መጠን፣ መኪናው ሲቆም የሚከፈለው፣ የሚቆረጥ ነገር ካለ ምን እንደሆነ። ሰውየው ውል ከፈራ ደብዳቤ ይስጥ፤ ደብዳቤም ከፈራ ልጁ የተስማሙትን በስልክ መልእክት ይጻፍለትና «ተስማምተናል» የሚል መልስ ያስቀር። የወረቀቱ አንዱ ኮፒ እናት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። መኪና ሲገለበጥ ጋቢና ውስጥ ያለው ወረቀት አብሮ ይጠፋል።

ልጁ በየቀኑ የተነሣበትንና የቆመበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር ይጻፍ። ክርክር ቢመጣ ማስረጃው ያ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ከሥራ ያለ አግባብ የተባረረ ልመለስ የሚል ጥያቄውን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። አቤቱታው ለአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ለጉዞው ደግሞ ከጋቢው ጋር ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውኃ፣ ቆሎና ዳቦ፣ የቁስል ማሰሪያ ፋሻ፣ የወባ መከላከያ አጎበር ይያዝ። አፋር ላይ ሲያድር አጎበሩን ጋቢና ውስጥ ይዘርጋ። በዓመት አንድ ጊዜ ደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ዓይኑን ይታይ።

የመጨረሻው ለእኛ ለቤተሰብ የተሰጠ ሥራ ነው። ልጆቻችን ሲደውሉ «መቼ ትደርሳለህ?» እያልን አናጣድፋቸው። ለበዓል ድረስልኝ ያለች እናት ልጇን ሳታውቅ በሌሊት ታስነዳዋለች። «ገንዘብ ላክ» የሚለውም ጥያቄ እንዲሁ ፍጥነት ይጨምራል። የእህቴ ቤት አሁን አዲስ ደንብ አውጥቷል፤ ልጁ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ተብሎ ነው። ገንዘብና በዓል የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።